አብሮኝ የሚኖረው ልጅ አብራሪ ሊሆን ነው፤ ሲወድቅ ያየሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን አገር ቤት እያለሁም አነብ ነበር። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። ሕንድ፣ ሃይደራባድ ከተማ ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። አሚርፔት በሚባል ሰፈር ቴሉጉ ከሚባለው ቋንቋ ተናጋሪዎች ከሆነ አንድ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተጋርተን እንኖራለን። ሰፈሩ የማሠልጠኛና የሆስቴል ሰፈር ነው፤ ከየቦታው የመጣ ተማሪ ይተራመስበታል። እሱ የሚማረው አብራሪነት ነው። አሮጌው የበጉምፔት አውሮፕላን ማረፊያ ቅርባችን ስለሆነ ማታ ማታ ጣሪያ ላይ ወጥተን ትንንሾቹ አውሮፕላኖች ሲያርፉ እናያለን። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ «አና» ይለኛል፣ ታላቅ ወንድሜ ማለቱ ነው።

ቤተሰቦቹ ጉንቱር አካባቢ በርበሬ አምራቾች ናቸው። ባለፈው ጥር ሳንክራንቲ ለሚሉት የመከር በዓል ይዞኝ ሄደ። እናቱ ሩዙን ጎንጉራ በሚሉት ኮምጣጣ ቅጠል ለውሰው፣ ጠቅለል አድርገው በእጃቸው አጎረሱኝ። ከአገር ከወጣሁ ወዲህ ጉርሻ የጎረስኩት ያን ቀን ነው። እንባዬ መጣ። አባቱ «ሁለተኛው ልጄ» ይሉኛል። በየማታው ይደውላሉ። መጀመሪያ የሚጠይቁት ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «በላችሁ?»

ችግሩ ይኸውልዎት። ሚያዝያ ላይ አንድ ጠዋት ወጥ ቤት ውስጥ የሆነ ነገር ተንኳኳ። ሮጬ ስገባ መሬት ላይ ወድቋል። ሰውነቱ ደርቆ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ ወደ ላይ ሄዷል። ደቂቃ የሚሆን ቆየ። ሲነቃ አላወቀኝም። ምላሱን ነክሶት ነበር። ከዚያ ተኝቶ ዋለ። «ቁርስ ሳልበላ ስለነበር ነው» አለኝና ሳቅንበት። ሰኔ ላይ ግን ሜትሮ ጣቢያው ደረጃ ላይ ደገመው። ጭንቅላቱን መታው። ከእኔ በቀር የሚያውቀው ሰው አልነበረም፤ ተሸክሜ አወጣሁት።

ከዚያ በኋላ አንድ እሁድ ሲኒማ ጋበዘኝ። ስለ አብራሪዎች፣ ስለ ጓደኝነትና ስለ ቤተሰብ የሚያወራ የቴሉጉ ፊልም ነው። የሲኒማ ቤቱ ሁካታ ሌላ ነው፤ ያፏጫሉ፣ የተቀዳደደ ወረቀት ይበትናሉ። ታሪኩ ሁለት አብሮ አደግ አብራሪዎች ናቸው። አንዱ ከአባቱ የደበቀው ነገር አለ፤ ሌላው እስከ መጨረሻ ምስጢሩን ይጠብቅለታል። በመጨረሻ በማዕበል መሃል አውሮፕላኑን አብረው ያሳርፉታል። አባትየው ሁለቱንም አቅፎ ያለቅሳል። ጓደኛዬ ከግማሽ በኋላ ፊልሙን ያየው እያለቀሰ ነው። ስንወጣ እጄን ያዘና አናቱ ላይ አስቀመጠው። «ለማንም አልናገርም በል» አለኝ። እነሱ ዘንድ በሰው ራስ ላይ እጅ ጭኖ መማል ከባድ ነው። ቃሉን ካፈረስክ የተማልክበት ሰው ላይ ክፉ ይመጣል ይላሉ። እኛ «ሙት» እንደምንለው ያለ ነው። ማልኩለት።

አባቱ ለትምህርቱ መሬታቸውን አስይዘው 45 ላክ ሩፒ ተበድረዋል፤ አንድ ላክ መቶ ሺህ ነው። እህቱ ደግሞ ለትዳር እየተጠየቀች ነው። «በዘራቸው የሚጥል በሽታ አለ ከተባለ ማንም አያገባትም» ይላል። አሁን ዝናብ ስለሆነ ብዙም አይበርም። ሲያባራ ግን ለብቻው ረጅም በረራ ይጀምራል።

ሌሊት ትንፋሹን እያዳመጥኩ አድራለሁ። ለአባቱ ልንገራቸው? ብነግራቸው መሐላዬን አፈረስኩ፣ ወንድሜንም ቤተሰቤንም አጣሁ። ዝም ብል ደግሞ አንድ ቀን ስልክ ይደወልልኛል ብዬ እፈራለሁ። የሰው አገር ሰው ነኝ፤ ምን አገባኝ ብዬም አስቤያለሁ። ምን ላድርግ?

ምስጢር የከበደኝ፣ ከሃይደራባድ

* * *

ውድ ወንድሜ፣

«ምን አገባኝ» የሚል ሰው ሌሊቱን የሌላ ሰው ትንፋሽ ሲያዳምጥ አያድርም። ስለዚህ እሱን እንዝለለው። አንተም በጣም ደክመሃል፤ እሱን በኋላ አነሳዋለሁ። ጊዜ የማይሰጠውን ላስቀድም።

ጓደኛህ ሐኪም ሳያየው መብረር የለበትም። ሞተር ሳይክል የሚነዳ ከሆነም እሱንም ለጊዜው ያቁም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ምን እንደያዘው አላውቅም። አንተም አታውቅም፣ እሱም አያውቅም። ሰው ራሱን የሚስተው በብዙ ምክንያት ነው። የሰውነቱ ውሃ አልቆ፣ ስኳሩ ወርዶ፣ የልብ ምቱ ተዛብቶ ሊወድቅ ይችላል። የሚጥል በሽታም ሊሆን ይችላል። ሰውነት ደርቆ መንቀጥቀጥ፣ ምላስ መነከስ፣ ከነቁ በኋላ ሰው አለማወቅ፣ እነዚህ ሐኪም ሲሰማ ቀጥ ብሎ የሚቀመጥባቸው ምልክቶች ናቸው። የቁርሱ ነገር ለመጀመሪያው ቀን ያስኬድ ይሆናል። ከተደገመ በኋላ ግን አያስኬድም።

አሁን ደብዳቤህ ውስጥ አንተ ራስህ ብዙ ቦታ ያልሰጠኸውን ነገር ላሳይህ። ሲወድቅ ያየኸው አንተ ብቻ ነህ። እሱ አላየውም። ስለ ራሱ የሚያውቀው ወጥ ቤት ቆሞ እንደነበረና ከዚያ አንተ ፊቱ ላይ ጎንበስ ብለህ እንዳገኘህ ነው። መሃሉ የለውም። መሃሉ ያለው አንተ ጋ ነው። የነርቭ ሐኪሞች እንዲህ ያለ ታካሚ ሲመጣላቸው በጣም የሚፈልጉት ያየ ሰው ነው። የአንጎል ሞገድ ምርመራው በዚያን ሰዓት ደህና ሊያሳይ ይችላል። ደም ምርመራውም እንደዚያው። «ሲወድቅ ምን ይመስል ነበር? ስንት ደቂቃ ቆየ? በየትኛው ጎኑ ጀመረው? ሲነቃ ምን አለ?» ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ ያለው አንተ ጋ ብቻ ነው። ስለዚህ ዝም ስትል የምትደብቀው ከአባቱ ብቻ ሳይሆን ከራሱ ከጓደኛህም ነው። ያለ አንተ ሐኪም ቤት ቢሄድ እንኳ ግማሹን ይዞ ነው የሚሄደው።

ወደ መሐላው ልምጣ። «ተወው፣ መሐላ ምን አለው» አልልህም። እኛም «ሙት» ብለን የተናገርነውን ቃል እንዲሁ አንጥለውም። ግን የማልክበትን አስበው። የማልክበት ራስ ሜትሮ ደረጃ ላይ ሲመታ ያየኸው ራስ ነው። ቃል ያስገባህ ደግሞ ገና እንባው ሳይደርቅ፣ ከሲኒማ ቤት በወጣበት ነው። በዚያ ሰዓት «አትንገርብኝ» ሲልህ «ብቻዬን አትተወኝ» ማለቱ ይሆን? ልጁን የምታውቀው አንተ ነህ፤ እኔ መጠየቅ ብቻ ነው የምችለው።

እኛ ዘንድ ግዝት ይፈታል። የማይቻል ቃል የገባ ሰው ወደ አስገዘተው ሄዶ «ፍቱኝ» ይላል። አንተም እንደዚያ አድርግ። ከጀርባው ሄደህ ከማፍረስህ በፊት ወደ እሱ ሂድና «ይህን ቃል መሸከም አቃተኝ፣ ፍታኝ» በለው። ይፍታህ አይፍታህ ሌላ ጉዳይ ነው። ቢያንስ መጀመሪያ የሰማው እሱ ይሆናል።

ፊልሙን አላየሁትም። በትርጉም የሚመጡትን ግን እንደ ብዙው ሰው «የሕንድ ፊልም» እያልኩ ብዙ አይቻለሁ፤ ሳላፍር አልቅሼም አውቃለሁ። አንተ በነገርከኝ ታሪክ አንድ ነገር ገረመኝ። ማዕበሉ ውስጥ አውሮፕላኑ ላይ ሁለት ናቸው። አንዱ ቢደክም ሌላው መሪውን ይይዛል። ጓደኛህ ግን ዝናቡ ሲያባራ የሚወጣው ለብቻው ነው። የሕንድ የንግድ አብራሪ ፈቃድ 200 የበረራ ሰዓት ይጠይቃል። ከዚያ ውስጥ 100ው እሱ ራሱ ኃላፊ ሆኖ የሚበርበት ነው። 300 የባሕር ማይል፣ ማለትም ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ አንድ ረጅም ጉዞም አለበት። ጎኑ ማንም የለም። ከሥሩም ሃይደራባድን የሚያህል ከተማ ነው፤ የበጉምፔት ሜዳ የሰው ሰፈር መሃል እንዳለ ጣሪያው ላይ ሆነህ የምታየው ነገር ነው። ፊልሙ ምስጢር ጠባቂውን ጓደኛ ጀግና ማድረግ የቻለው ሁለተኛ ወንበር ስላለው ነው።

ያም ሆኖ ፊልሙን ጥላው አልልህም። ልጁ ቤት ውስጥ ያልተናገረውን ሲኒማ ቤት ጨለማ ውስጥ አልቅሶታል። በዚያ ልትገባ ትችላለህ። «ያን ቀን ያለቀስከው የትኛው ቦታ ላይ ነው?» ብለህ ብትጠይቀው ምን የሚልህ ይመስልሃል? ምስጢሩ የተጠበቀበት ቦታ ላይ ነው ወይስ አባትየው ያቀፋቸው ቦታ ላይ? እኔ ብሆን ከዚህ ነበር የምጀምረው።

ስታናግረው ክፍላችሁ ውስጥ አይሁን። ወጣ በሉ። እዚያው የኢራኒ ሻይ የሚሸጥበት ካፌ አይጠፋም፤ ብስኩት ይዛችሁ ጥግ ተቀመጡ። ጓደኞች ባሉበት አይሁን። ከአባቱ ስልክ በኋላም አይሁን፤ በዚያ ሰዓት ልቡ ጉንቱር ነው። ንግግሩን አታስረዝመው። እንዲህ ማለት ትችላለህ፦ «ወንድሜ፣ ሁለት ጊዜ ስትወድቅ አይቻለሁ። አንተ ያላየኸውን ስላየሁ ልንገርህ። ፈርቻለሁ። ሐኪም ጋ አብሬህ እገባለሁ። እስከዚያ አትብረር።» ከዚያ አቁም። ይቆጣ ይሆናል። ይስቅብህ ይሆናል። ያልቅስ ይሆናል። ዝምታውን ለመሙላት ብለህ «አይዞህ፣ ምንም አይደለም» እንዳትለው። ምንም መሆን አለመሆኑን ገና አላወቅንም።

ሌላም መግቢያ አለህ፤ ሙያው ራሱ። አብራሪዎች ገና ሲጀምሩ የሚማሩት የራስ ፍተሻ አለ። ወደ አውሮፕላኑ ከመሄዳቸው በፊት ራሳቸውን ይጠይቃሉ፦ አሞኛል ወይ? መድኃኒት ወስጃለሁ ወይ? ተጨንቄያለሁ ወይ? ጠጥቻለሁ ወይ? ደክሞኛል ወይ? በልቻለሁ ወይ? ይህን ከአንተ በላይ ያውቀዋል። «ሰሞኑን ራስህን ስትጠይቅ ምን ትመልሳለህ?» በለው። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብም ፈቃድ የያዘ ሰው ጤናው መጓደሉን እያወቀ አይብረር ይላል። ይህን ከአንተ መስማቱ ላያስደስተው ይችላል። አዲስ ነገር ግን አይሆንበትም። አንተ ፖሊስ አልሆንክበትም፤ የመረጠውን ሙያ ሕግ ነው ያስታወስከው።

እውነቱን ሳላለሳልስ ልንገርህ። ምርመራው ቀላል የሆነ ራስ መሳት ነው ካለ፣ ምክንያቱ ከታወቀና ከታከመ፣ ለጊዜው ታግዶ ቆይቶ እንደገና የሚታይበት መንገድ አለ። የሚጥል በሽታ ነው ከተባለ ግን የንግድ አብራሪነት በር በአብዛኛው ይዘጋል። ልጁ የሚፈራው ይህንን ነው፤ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም። ግን ምስጢሩ ተደብቆ የት ድረስ ይሄዳል? የንግድ አብራሪ የጤና ምስክር ወረቀት በአንድ ጊዜ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ በሱ ዕድሜ በየዓመቱ ይታደሳል። በየዓመቱ ቅጽ ላይ «ራሴን ስቼ አላውቅም» ብሎ ሊፈርም ነው። አንተስ በየዓመቱ ልትምልለት ነው?

ገንዘቡንም አስቡት። 45 ላክ ሁሉ ወጥቶ አልቋል ወይስ በየደረጃው ነው የሚከፈለው? በየደረጃው ከሆነ እያንዳንዱ ተጨማሪ የበረራ ሰዓት የአባቱ መሬት ነው። ዛሬ ቢያቆም የሚተርፍ ገንዘብ ሊኖር ይችላል። ዓመት ቆይቶ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው መውደቅ ቢታወቅበት ግን የሚተርፍ የለም። ይህን ስሌት አብራችሁ ወረቀት ላይ ሥሩት። በትምህርቱ ያለፋቸው የንድፈ ሐሳብ ፈተናዎች፣ አቅጣጫ ማወቁ፣ የአየር ጠባዩ፣ ደንቡ፣ ያለ አብራሪ ወንበርም ዋጋ አላቸው። መሬት ላይ የሚያስተምሩ፣ የበረራ ዕቅድ የሚያወጡ ሰዎች በዚያው ዕውቀት ነው የሚሠሩት። ይህን ግን በመጀመሪያው ቀን አታንሳው። ሕልሙን ገና ሳይቀብር ምትክ ልታመጣለት አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ፦ ለአባቱ ትንገር?

አይ፣ አንተ አትንገራቸው። ይህን የምልህ መሐላውን ብዬ አይደለም። አባቱ ከጉንቱር ሆነው አውሮፕላን ማስቆም አይችሉም። የሰሙት ዕለት ደንግጠው ልጁን ወደ ቤት ይጠሩታል፤ ወይም ደግሞ እዳውን አስበው «እስቲ ዝም በሉ፣ ይለፍ» ይላሉ። ሁለቱም ሰው ያደርገዋል። ከዚያ አንተ ያለህን የመጨረሻ ድምፅ ጨርሰሃል፤ ልጁ ግን አሁንም ሊበር ይችላል። አባቱ ከልጃቸው አፍ ይስሙ። አንተ የቻልከው አጠገቡ መቀመጥ ነው። ሐኪም ካየው በኋላ አብራችሁ ጉንቱር ሂዱ። በስልክ አይሁን። ሲጀምር እዳውን አያንሳ፤ «ወድቄ ነበር፣ ሐኪም ጋ ሄጃለሁ» ብሎ ይጀምር። እኚህ አባት በየማታው ደውለው የሚጠይቁት ስንት ሰዓት እንደበረ አይደለም፤ መብላት አለመብላታችሁን ነው። አንተው ነህ የጻፍከው። ልጁ አባቱን ከፊልሙ አባት በላይ ፈርቷቸው ይሆን? ይህን ጠይቀው።

እምቢ ካለስ? ይህም ይመጣል። ያኔ የምትነግረው ሰው የበረራ ትምህርት ቤቱ ዋና አስተማሪ ነው። አውሮፕላኑን መሬት ላይ ማቆየት የሚችለው እሱ ነው። ግን አስቀድመህ ለጓደኛህ ቀኑን ቁረጥለት። «እስከ ቅዳሜ አብረን ሐኪም ጋ ካልሄድን፣ ሰኞ ለአስተማሪህ እናገራለሁ። ብትፈልግ አብረኸኝ ሁን» በለው። ያልከውንም አድርግ። ቀኑን ስትቆርጥ ሰማዩን እያየህ ቁረጥ፤ ዝናቡ ካባራ አንድ ሳምንትም ረጅም ነው። በመሃሉ ልብሱን ለብሶ ለመብረር ከወጣ ደግሞ ሰኞን አትጠብቅ፣ ያንኑ ጠዋት ደውል።

ለዚህ ዋጋ ትከፍል ይሆናል። ለወራት ላያናግርህ ይችላል። ክፍል መቀየር ሊኖርብህ ይችላል። የእናቱ ጉርሻ ይቀርብህ ይሆናል። ይህ እንደማይሆን ቃል ልገባልህ አልችልም። አንድ ነገር ግን ራስህን ጠይቅ፦ የበለጠ የምትፈራው የቱን ነው? እሱ መውደቁን ወይስ «ሁለተኛው ልጄ» መባልህ መቅረቱን? ሁለተኛውን ብትመልስ አትፈር። ከአገርህ ርቀህ ያገኘኸው ቤት ነው። መልሱን ማወቅህ ግን ስትናገር እጅህን ያጸናዋል።

የእህቱን ነገር ቀላል አድርጌ አላየውም። ይህ ሐሜት እነሱም አገር ትዳር ያፈርሳል፣ እኛም አገር ያፈርሳል። ስለዚህ የሚያውቀው ሰው ቁጥር ትንሽ ይሁን፦ ሐኪሙ፣ አስተማሪው፣ ወላጆቹ። ለክፍል ጓደኞችህ፣ ለአገርህ ልጆች፣ «ምክር ልጠይቅ» ብለህ እንኳ ስሙን አታንሳ። የምትጠብቅለት ምስጢር ይህ ይሁን። እሱንም እንዲህ በለው፤ ሁሉንም ምስጢር ልታወጣበት እንዳልሆነ ሲያውቅ ትንሽ ይተነፍሳል።

በዚህ ሙያ የሚደብቁ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ የሚደብቁትም እንጀራቸው ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 2015 ጀርመንዊንግስ የተባለው የጀርመን አየር መንገድ አውሮፕላን አልፕስ ተራሮች ላይ ተከስክሶ 150 ሰዎች ሲሞቱ፣ ረዳት አብራሪው እንዳይሠራ ሐኪም የጻፈለትን ወረቀት ከአሠሪው ደብቆ እንደነበር ታወቀ። እሱ ሆን ብሎ ያደረገው ነው፤ የጓደኛህ ነገር ፈጽሞ ሌላ ነው። ይህን ታሪክ ለእሱ አታንሳበት፣ ይሰብረዋል። ለአንተ የነገርኩህ ከዚያ በኋላ ስለመጣው ነገር ብዬ ነው። አውሮፓ ውስጥ አየር መንገዶች አብራሪ ለሌላ አብራሪ ችግሩን በምስጢር የሚነግርበት አሠራር እንዲኖራቸው ግዴታ ተጣለባቸው። የሕንድ የሲቪል አቪዬሽን ተቆጣጣሪም እ.ኤ.አ. በ2023 ተመሳሳይ ነገር እንዲቋቋም መክሯል። ጓደኛህ ገና ተማሪ ስለሆነ ይህ ላይደርሰው ይችላል። ቢሆንም የሚያምነው አንድ በዕድሜ የገፋ አብራሪ ወይም አስተማሪ አለው? ካለው መጀመሪያ ከአንተ ጋር ሆኖ እሱን ያናግር። ከእኔም ከአንተም በላይ የሚሰማው እሱን ነው።

እግረ መንገዴን፣ እንደገና ቢወድቅ የምታደርገውን ልንገርህ፤ የመጀመሪያው ቀን ምን እንዳደረግክ አልጻፍክልኝም። አፉ ውስጥ ምንም አታስገባ፤ ማንኪያም ጨርቅም። አጥብቀህ አትያዘው። የሚመታውን ነገር ከአጠገቡ አርቅ፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርግ፣ መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኑ አስተኛው። እኛ አገር ክብሪት ጭረው ያሸትታሉ። እዚያ ደግሞ ብረት ወይም ቁልፍ ያስጨብጣሉ። ሁለቱም አይጠቅሙም። ሰዓትህን እይ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ከደገመው 108 ደውል፤ አምቡላንስ ነው። ሊቀርጽልህ የሚችል ስልክ ካለና እሱ አስቀድሞ ከፈቀደልህ፣ ለሐኪሙ የሚሆን አጭር ቪዲዮ ከብዙ ቃል ይበልጣል።

አንተስ? እንቅልፍ አጥተህ ፈተናህ ምን ሆነ? ስትጽፍልኝ ስለ ትምህርትህ አንድ መስመር ብቻ ነው ያነሳኸው፤ ከዚያ ሁሉም ስለ እሱ ነው። አንተን «በላህ?» ብሎ የሚጠይቅህ ከጉንቱሩ አባት ሌላ ማን አለ? ቤተሰብህ ጋ ደውል። ስለ እሱ አትንገራቸው፤ «ከብዶኛል» ማለት ግን ትችላለህ። ሕንድ ውስጥ ቴሌ ማናስ የሚባል የመንግሥት ነፃ የስልክ ምክር አለ፤ ቁጥሩ 14416 ነው፣ ሌሊትም ይሠራል። ስምህን ሳትናገር መደወል ትችላለህ። ጓደኛህም በራሱ ቋንቋ፣ በቴሉጉ፣ ሊያናግራቸው ይችላል።

ዛሬ ማታ ግን አንድ ሥራ ብቻ ይበቃሃል። ወረቀት አውጣና ያየኸውን ጻፍ። የሚያዝያውን ለብቻ፣ የሰኔውን ለብቻ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ከዚያ በፊት ባለው ሌሊት ተኝቶ እንደነበር፣ በልቶ እንደነበር፣ የትኛው እጁ አስቀድሞ እንደተንቀጠቀጠ፣ ሲነቃ መጀመሪያ ያለውን። ያላስታወስከውን አላስታውስም ብለህ ጻፍ። ሻይ ቤት ስትቀመጡ ወረቀቱን ስጠውና ራሱ ያንብበው። ሐኪሙ ጋ ስትገቡ ደግሞ ይዛችሁት ግቡ። ምን እንደተባለ መልሰህ ጻፍልኝ።